ሰባተኛው ዙር ጥምጣም

ስሟን ዘመን በበላው፣ በግንብ በታጠረች አንዲት ጥንታዊት ከተማ ሐጂ ሐሚዲን የሚባሉ ሙአዚን ነበሩ። አዛን ሲያሰሙ ሦስተኛው ተራራ ላይ ያለ ግመል ጆሮውን ያቆም ነበር። እኔ ማጋነን አልወድም፤ ሁለተኛው ተራራም ሊሆን ይችላል።

ከተሜው ገዥውን ኸሊፋ ይል ነበር። አንዱ ኸሊፋ ሲሞት ሹራ፣ የምክክር ጉባኤው፣ ተቀምጦ ሼህ ዙበይርን መረጠ። እንደ ልማዱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የሰባቱ ሰፈር ሽማግሌዎች በተመራጩ ራስ ላይ አንዳንድ ዙር ጥምጣም ይጠመጥማሉ። በይዓቸው፣ የታማኝነት ቃላቸው ያ ነው። ጥምጣሙ ቢዘረጋ ከተማዋን ዞሮ ለግመል ልባስ ይተርፋል።

ስድስቱ ጠመጠሙ። ሰባተኛውን ሐጂ ሐሚዲን ራሳቸው ሸብ አደረጉት።

«ይሄስ የማን ነው?» አሉ ሼሁ።

«ከግንቡ ውጭ ያሉት የቆዳ ፋቂዎቹ ነዋ። አባቴም እንዲሁ ይጠመጥምላቸው ነበር።»

«ጠይቀዋቸዋል?»

«ኧረ ሼህ! እነሱን ደሞ ማን ይጠይቃል?»

ሼህ ዙበይር ሰባተኛውን ዙር ፈቱና ጨርቁን አፈር ለአፈር እየጎተቱ ወጡ። ሱብሐነላህ! የጀመዓው አፍ ተከፍቶ ዝንብ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ወጣ። ሐጂ ሐሚዲን የጨርቁን ጫፍ ይዘው ተከተሉ። በይዓው ቢፈርስ በእሳቸው እጅ ነዋ የሚፈርሰው!

የፋቂዎቹ ሽማግሌ እሜት ሩቅያ ቆዳ እየፋቁ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ።

«ሐጂ፣ አርባ ዓመት ቃሌን ሲሰጡልኝ ኖሩ። የግንቡን በር ማታ ዘግታችሁብን ጅብ ሲመጣስ ምነው በእኔ ፋንታ አልቀረቡልኝ?»

ሐጂ የያዙትን የጨርቅ ጫፍ አቧራ ማራገፍ ጀመሩ።

«ምን ይሁንልዎ እሜት?» አሉ ሼሁ።

«በሩ ይከፈትልን። ያኔ እኔው እጠመጥማለሁ።»

«ከተሜው ጅብ ይፈራል።»

«እኛስ?»

ሼሁ ዞር ብለው፣ «ሐጂ፣ አልጋዬን አስመጡልኝ። በሩ እስኪከፈት የኸሊፋው ቤት እዚህ ነው» አሉ።

«አስተግፊሩላህ! ኸሊፋ ከጅብ ጋር ያድራል?»

«ኸሊፋ ተተኪ ማለት ነው ሐጂ። እዚህ በእነሱ ቦታ ካልተተካሁ የት ልተካ?»

ከተሜው ይህን ሲሰማ በሩ የአሱር ሶላት ሳይደርስ ከነማጠፊያው ተነቀለ። እሜት ሩቅያ እጃቸውን ታጠቡና ሰባተኛውን ዙር ጠመጠሙ።

ወገኖቼ፣ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ወደ አኼራ ሲሄዱ ባልደረቦቻቸው ሶሓቦች ተማክረው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በይዓ የሰጡትን ሰው ኸሊፋ ያሉት እሳቸውን ተከትሎ አማናውን፣ አደራውን፣ ስለተሸከመ ነው። ኋላ ዙፋኑን ልጅ ከአባቱ እንደ በሬ ሲወርሰው፣ በሌላው ፋንታ የሚጠመጥም እጅም በዛ። ሐጂ ሐሚዲን ግን እስኪሞቱ ድረስ የገዛ ጥምጣማቸውን ሲያስሩ እንኳ ሰባተኛው ዙር ላይ እጃቸው ቀጥ ይል ነበር። ይህን አላጋነንኩም።