የተቆረጠው ዝምታ

አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ጣቢያው ያለው በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ውስጥ ቢሆንም በዙሪያዋ ባሉት ገጠሮች ሁሉ ይሰማ ነበር። የክትባት ቀን፣ የጠፋ ከብት፣ የሞተ ሰው፣ ሁሉም የሚነገረው በእሱ ነው።

በጣቢያው ትርንጎ የምትባል የድምፅ አርታዒ ትሠራ ነበር። ሥራዋ ጋዜጠኞች ቀድተው ያመጡትን በኮምፒውተር እየሰማች የማያስፈልገውን መቁረጥና የቀረውን መቀጠል ነው። ሰው ሲናገር ያስላል፣ ይንተባተባል፣ ቃል ጠፍቶት ይቆማል። ትርንጎ ይህን ሁሉ በጆሮዋ እየለቀመች ስትቆርጥ ትውላለች።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አዲስ ሶፍትዌር አስጫነ። ሶፍትዌሩ ሰው የማይናገርበትን ቦታ ሁሉ ራሱ ፈልጎ ይቆርጣል። ኮምፒውተሩ እንዳይሞላም የመጀመሪያውን ቅጂ አጥፍቶ በተቆረጠው ይተካዋል።

«ከእንግዲህ ጆሮሽ ይረፍ» አላት ሥራ አስኪያጁ።

እውነትም አረፈ። ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ለመድረስ ብዙ የሚቸገረው የግብርና ባለሙያ እንኳ በሬዲዮ ሲሰማ አንደበተ ርቱዕ ሆነ። ወደ ጣቢያው መጥቶ «ምን አድርገሽኝ ነው? ሚስቴ ‹ምናለ እቤትም እንዲህ ብታወራ› አለችኝ እኮ!» አላት። ሁሉም ሳቁ።

በዚያው ሰሞን በአካባቢው አንድ ትልቅ እርቅ ይጠበቅ ነበር። አለልኝ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ሳያስበው የአቶ ውባንተን ልጅ ገጭቶ ገድሏል። ፍርድ ቤት የፈረደበትን ጨርሶ ወጥቷል። ነገር ግን የሟች ወገን ይቅር ካላለው ወደ መንደሩ መግባት አይችልም። ሚስቱና ልጆቹ መንደር፣ እሱ ሰው ቤት ተጠግቶ ይኖራል። ሽማግሌዎች ደጅ ሲጠኑ ከርመው በመጨረሻ አቶ ውባንተ ለእርቅ ለመቀመጥ ፈቀዱ። ሽማግሌዎቹም በሩቅ ቀበሌ ያሉት የሟች ዘመዶች ይቅርታውን በጆሯቸው እንዲሰሙ ብለው ጣቢያው እንዲቀዳላቸው ጠየቁ።

በእርቁ ቀን አለልኝ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ። ዋናው ሽማግሌ አቶ እንግዳው «ውባንተ፣ ይህን ሰው ይቅር ትለዋለህ?» ብለው ጠየቁ።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ወዲያው አይመለስም። የተበደለው ሰው ዝም ይላል። ማንም አይጎተጉተውም፤ የሚያስለው እንኳ ሳሉን ይውጣል። ሰውየው ሟቹን የሚያስበው፣ ከንዴቱም የሚወርደው በዚያ ዝምታ ነው። አቶ ውባንተ ዝም አሉ። የአለልኝ ትከሻ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ዝም አሉ። ከዚያ «ለፈጣሪ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ የቆመው ሁሉ አለቀሰ።

ቅጂው ትርንጎ ዘንድ ደረሰ። እሷም እንደለመደችው ለሶፍትዌሩ ሰጠችው፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሰምታ አሳለፈችው።

በሬዲዮ የተሰማው እንዲህ ነበር፦ «ይህን ሰው ይቅር ትለዋለህ?» «ለፈጣሪ ብዬ ይቅር ብያለሁ።» መልሱ ከጥያቄው እግር በእግር ተከትሎ ወጣ።

በሩቁ ቀበሌ የሚኖረው የአቶ ውባንተ የወንድም ልጅ ሽባባው ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሳ። «አጎቴ በሬ ሲገዛ እንኳ ግማሽ ቀን የሚያስብ ሰው ነው» አለ። «በልጁ ደም እንዲህ ቱር ብሎ አይመልስም። አስፈራርተው፣ አስጠንተው ነው ያናገሩት።» አቶ ውባንተ ራሳቸው ሄደው ቢነግሩትም «ይህንንም በል ብለውህ ነው» አላቸው። ለአለልኝም «እርቁ እኛን አይመለከትም፤ መንደር ብትገባ ለሚሆነው ነገር ተጠያቂ አይደለንም» የሚል መልእክት ተላከበት። አለልኝ ጓዙን ጭኖ ከተነሳ በኋላ ከመንገድ ተመለሰ።

አቶ እንግዳው ከዘራቸውን ይዘው ጣቢያው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ውባንተ የተናገረውን ምን አደረግሽው?»

«ሁሉም አለ አባቴ። አንድም ቃል አልተቆረጠም።»

«ቃሉማ አለ። ዝምታው የት ሄደ?»

ትርንጎ ደነገጠች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለገች፤ የመጀመሪያው ቅጂ የለም። ተስፋ ሳትቆርጥ «ግድ የለም አባቴ፣ ባዶ ቦታ ላስገባበት እችላለሁ። ቀላል ነው፤ ማንም አይለየውም» አለች።

«ከየት የመጣ ባዶ?» አሉ አቶ እንግዳው። «ውባንተ ዝም ያለው በልጁ ነው። አንቺ የማንን ዝምታ ነው በእሱ አፍ የምታስገቢው?»

ትርንጎ በማግስቱ አቶ ውባንተ ቤት ሄደች። በራፉ ላይ ቆማ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ተናግራ፣ ጣቢያው ድረስ መጥተው ይቅርታውን አንድ ጊዜ እንዲደግሙላት ለመነቻቸው።

«ልጄን ሁለት ጊዜ ቅበር ነው የምትይኝ?» አሏት።

ትርንጎ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። አቀርቅራ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። አቶ ውባንተ ለረጅም ጊዜ ካዩዋት በኋላ «እሺ፣ እመጣለሁ» አሉ። «ግን እዚያው ስናገር እዚያው ይሰማ። ማንም እጁን እንዳያስገባበት።»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ፤ ዝግጅቱ በቀጥታ ይተላለፍ ጀመር። አለልኝ ስቱዲዮው ውስጥ ተንበረከከ። አቶ እንግዳው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። አቶ ውባንተ ዝም አሉ።

በጣቢያው ውስጥ አንድ ሌላ መሣሪያ ነበር። አየሩ ላይ ድምፅ ሲጠፋ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስለውና በራሱ ሙዚቃ ይለቃል። ትርንጎ ዝምታው ሲረዝም ይህ ትዝ አላትና ፈጥና አጠፋችው። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ማዶ በእጁ እያሳየ «ሙዚቃ! ሙዚቃ አስገቢ!» ይላል። ትርንጎ ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች፤ ሁለት እጆቿንም ከመሣሪያው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

በየቤቱ ያለው ሰው ግራ ገባው። ሬዲዮውን በጥፊ የመታም አለ። ሽባባው ቤት ተሰብስበው የነበሩት ዘመዶችም «ባትሪው አለቀ መሰለኝ፣ እስኪ ቀይሩት» ተባባሉ።

ሽባባው እጁን አነሳ። «ተዉት!» አለ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠግቶ። «አጎቴ ነው። ሲተነፍስ ይሰማኛል።»

ሁሉም ዝም አሉ። አብረውት ጠበቁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የአቶ ውባንተ ድምፅ መጣ። «አለልኝ» አሉ። «ተነስ። ወደ ልጆችህ ግባ።»

ሽባባው ጋቢውን ለበሰ። «ኑ፣ መንገድ ላይ እንቀበለው» ብሎ ቀድሞ ወጣ።

ትርንጎ ሶፍትዌሩን አልጣለችውም፤ ሥራ ያቀላልና። አሁን ግን የትኛውንም ቅጂ ከዳር እስከ ዳር ሳትሰማ አትሰጠውም፤ የመጀመሪያውንም አታጠፋም።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ይመስለኛል። መሣሪያ ድምፅ ያለበትንና የሌለበትን ይለያል፤ ትርጉም ያለበትን ግን እንዲለይልን ልንጠብቅ አንችልም፤ ያ የእኛ ሥራ ነው። ሥራችንን የሚያፋጥንልን ነገር ስናገኝ ደስ ይበለን፤ ነገር ግን ምን እየጣለልን እንደሆነ እንይ። ሰው የሚናገረው በቃሉ ብቻ አይደለምና።

እናንተስ ሰው ሲያዋራችሁ ዝም ያለበትን ትሰማላችሁ? ወይስ ወደሚቀጥለው ቃል ታልፋላችሁ?