የጥላዬ ግማሽ ጣሪያ

በጎሽ ሜዳ መንደር ሰው ያላለቀ ሥራው ላይ ጨርቅ ሲጥል፣ ጉድለቱን በወሬ ሲሸፍን ከታየ፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንዲት አጭር ተረት ጣል ያደርግበታል። ተረቲቱን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃታል። ከማን ቤት እንደወጣች ግን የሚናገር ጥቂት ነው፤ የባለቤቱ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው ስላሉ ያፍሩባታል ተብሎ ይፈራል። እነሱ እንኳ አያፍሩባትም፤ ይኮሩባታል እንጂ።

ሰውየው ጥላዬ ይባላል። ሰነፍ ነበር የሚል ካለ ዋሽቷል። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጀምበር እስክትጠልቅ እጁ አያርፍም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ጥላዬን መጀመር እንደ ጠጅ ይጥመዋል፣ መጨረስ እንደ ኮሶ ይመረዋል። ግድግዳ እየመረገ ሳለ አጥሩ ትዝ ይለውና ጭቃውን እዚያው ትቶ ይሄዳል። አጥሩን እኩል እንዳደረሰ ደግሞ በረቱ ይታየዋል። እንዲህ እንዲህ ሲል ሐምሌ ገባና አዲሱ ቤቱ በአንድ ጎኑ ተከድኖ፣ በሌላው ጎኑ ወራጁ እንደ ከሲታ በሬ ጎድን አግጥጦ ቀረ። ግድግዳው ከበር ወዲህ ተመርጎ ከበር ወዲያ አልተመረገም። የመደቡ ድንጋይ ተደርድሮ ጭቃ አልቀመሰም። ጎታው እስከ ወገቡ ብቻ ቆሟል። እሱና ሚስቱ ያምሮት ማድ ቤት ውስጥ ከጥጃ ጋር ተጣበው ያድራሉ።

ጎረቤቱ ካሴ ገና በበጋው፣ «ደቦ ጥራና እንክደንልህ» ብሎት ነበር። ጥላዬ ግን ሰው በተሰበሰበበት፣ «ደቦ ሰነፍ ይጥራ! እኔ ሁለት እጅ አለኝ» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ማን ደፍሮ ይናገረው?

ያ ክረምት ደግሞ እንደ ሌላው ክረምት አልነበረም። ያምሮት የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ወሯ ገብቷል። በአገሩ ልማድ የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ጥላዬ ግን ልጁ በራሱ ጣሪያ ሥር እንዲወለድ ክፉኛ ተመኘ፤ እሱ አባቱን ሳያውቅ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየተንከራተተ ያደገ ነውና። አማቱን አያ ደምለውን ደጅ ጠንቶ ቢለምናቸው ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «ይሁን። ቤትህ አልቆ ካገኘሁት እዚሁ ትውለድ፣ እናቷም መጥታ ታርሳታለች። ካላለቀ ግን በበቅሎ አድርጌ እወስዳታለሁ፤ ልጄ ዝናብ ላይ አትወልድም» አሉት። የሚመጡትም ለሐምሌ ገብርኤል ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ሰማዩ ከብዷል። ጥላዬ ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየና ልቡ ከዳው።

«ምን ይሻላል?» አለ።

«የሚሻለውማ እውነቱን መናገር ነው» አለች ያምሮት። «አባባ ይቆጣል፤ ቢቆጣም ይበርድለታል። ደግሞ ጎረቤት ሞልቷል።»

«አማት ፊት ጅምር ቤት? ራቁቴን ብቆም ይሻለኛል!»

ሁለት ትልልቅ ቁርበት ሰፋና ባልተከደነው ጎን ከወራጁ ሥር ወጥሮ በጠፍር አሰረው፤ ጎኑ በጓሮ በኩል ስለሆነ ከደጅ አይታይም፤ ከታች ለሚያየው ደግሞ ጭስ የጠገበ ጣሪያ ይመስላል። ያልተመረገውን ግድግዳ በጭድ ክምር ጋረደው። የመደቡን ድንጋይ በሰሌንና በአጎዛ ሸፈነው። ለጎታው ብልሃት ቢያጣ፣ «አጭር ጎታ ነው፣ እንዲህ ነው ፋሽኑ» ሊል ቆረጠ። ያምሮት ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቀጥላ ግን አለቀሰች።

«ጥላዬ፣ በዚህ ቁርበት ሥር ነው ልጅህን የምወልደው?» አለችው። እሱ ግን ጠፍሩን ያጠብቅ ጀመር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አያ ደምለውና ባለቤታቸው እመት ዘርፌ በቅሎ እየሳቡ ጭቃውን እየረገጡ ደረሱ። አያ ደምለው ቤቱን ገርመም አደረጉና፣ «በርትተሃል! ሞቅ ያለ ቤት ነው» አሉ። መደቡ ላይ ቁጭ ሲሉ ከሥራቸው ድንጋይ ቋ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አይጥ ነው፣ አባቴ።»

«ድንጋይ የምታንከባልል አይጥ?»

ጥላዬ ጠላ የሚቀዳ መስሎ ዘወር አለ። በዚህ መሀል ዝናቡ ወረደ። ውሃው ቁርበቱ ላይ ሲጠራቀም፣ ቁርበቱ እያበጠ እያበጠ ሄዶ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ወደ ታች ተንዘረጠጠ፤ ያውም ልክ በአያ ደምለው አናት ላይ።

«ወዲህ ወደ እሳቱ ቢጠጉ፣ አባቴ» አለ ጥላዬ።

«እዚሁ ተመችቶኛል።»

«እዚያ ነፋስ አለ።»

«ቤትህ ካለቀ ነፋሱ በየት ይገባል?»

ጠፍሩ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ጥላዬ ያምሮትን አየ፤ አንገቷን ደፍታለች። ዝም ቢል ውሸቱ በሽማግሌው ራስ ላይ ሊወርድ ነው። ቢናገር ሚስቱን ይዘውበት ሊሄዱ ነው። ጭንቅ ጥብብ አለው። በመጨረሻ ግን ዘሎ አማቱን በክንዳቸው አፈፍ አድርጎ አነሳቸው።

«ይነሱ፣ አባቴ! ዋሽቼዎታለሁ!» አለና ጠፍሩን በማጭድ በጠሰው። ውሃው መደቡ ላይ ተዘረገፈ፤ በወራጁ መሀል የሐምሌ ሰማይ ፍጥጥ አለ።

አንዴ ከጀመረ ወዲያ አላቆመም። ጭዱን ገፍቶ ያልተመረገውን ግድግዳ አሳየ። ሰሌኑን ገፍፎ ባዶውን ድንጋይ አሳየ። ወደ ደጅ አውጥቶ አጥሩንና በረቱን አሳያቸው።

«ይኸው፣ ሁሉም ጅምር ነው። ሁሉንም የጀመርኩ እኔ፣ አንዱንም ያልጨረስኩ እኔ። ያምሮትን ይውሰዷት፣ አልቀየምም» አለ።

እመት ዘርፌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አያ ደምለው ዝናቡ እየመታቸው ጣሪያውን ዞረው ተመለከቱ።

«የሚከደንበት ሣርስ?» አሉ።

«አለ። ከበረቱ ጀርባ ተከምሯል፤ ውስጡ ደረቅ ነው።»

«ማሰሪያ ልጡስ?»

«እሱም ተዘጋጅቷል።»

«ታዲያ የጎደለህ ምንድን ነው?»

ጥላዬ መሬት መሬት አየ። «ሰው» አለ።

«ሰውማ የሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ አረም ላይ ነበር። ዛሬ ግን ገብርኤል ነው፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። ና እንሂድ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ፤ እኔ አልናገርልህም።»

ሲደርሱ ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ በደጀ ሰላም ለዝክር ተቀምጧል። ጥላዬ መሀል ገብቶ ቆመ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ቤቴ አላለቀም። ሚስቴ ወሯ ገብቷል። ደቦ ልጠራችሁ መጣሁ።»

ካሴ ከጥግ ሆኖ፣ «ደቦ ሰነፍ ይጥራ ያለው የማን አፍ ነበር?» ሲል ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተሞላ።

«የኔ ነው» አለ ጥላዬ። «ያው አፍ ነው አሁን የሚለምናችሁ።»

ካሴ ይህን ሲሰማ ሳቁን ዋጠ። ዋንጫውን አስቀምጦ፣ «እንግዲያስ መሰላሉ ከኔ ቤት ይምጣ» ብሎ ተነሳ። ሌላው ግን፣ «በዓል አይደለም እንዴ? በገብርኤል ማን ሥራ ይነካል?» አለ። ሁሉም ወደ ቄሰ ገበዙ ዞረ። ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ለራሱ የሠራ በዓል ሻረ» አሉ። «ለወላድ ጣሪያ ማልበስ ግን ምጽዋት ነው። ገብርኤል ራሱ ብሥራቱን ይዞ የሄደው ወደ ማን ሆነና? ተነሱ፣ እኔም ሣር አቀብላለሁ።»

መንደሩ ነቅሎ መጣ። ዝናቡም ጋብ አለ። ወንዶቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ጭቃ አቦኩ። «ቤት እንደ ዳቦ በአንድ ጎን ይቆረሳል እንዴ? ክዳን ከታች ከክፈፍ ተጀምሮ ዙሪያውን ነው የሚወጣው!» እያሉ ጥላዬን ቀለዱበት። እሱም እየሳቀ አሰረ። አንድ ጊዜ ከጣሪያው ላይ ሆኖ አጥሩ ዘሞ ቢያይ፣ «እሷን ቀና አድርጌ ልምጣ» ብሎ ሊወርድ ነበር። ካሴ እግሩን ጨምድዶ ያዘው።

«ንቅንቅ ብትል እወረውርሃለሁ!»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉልላቱ ተደፋ። አጥሩ እንደዘመመ ነው፤ ጎታውም እስከ ወገቡ ነው። ቤቱ ግን ዙሪያውን ለበሰ። ወዲያው ዝናቡ ተመልሶ ያንን ሁሉ ሰው እየገፋ አስገባው። ወሬው ቆመና ሁሉም ሽቅብ አንጋጦ ማዳመጥ ጀመረ። እመት ዘርፌ ትናንት ቁርበት ከተወጠረበት ቦታ ሥር ሄደው መዳፋቸውን ዘረጉ። ቆዩ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«አያ ደምለው፣ በቅሎዋን ይዘህ ብቻህን ወደ ቤታችን ተመለስ» አሉ። «ልጄ ከዚህ አትነቃነቅም፤ እኔም እስክትታረስ አብሬያት ነኝ።»

ያምሮት እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ጥላዬ ተንደርድሮ ጉልበታቸውን ሊስም ቢያጎነብስ፣ እመት ዘርፌ ጭቃ በለበሰ ትከሻው ይዘው ቀና አደረጉትና ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ «አየህ ልጄ፣ ጅምሩን ያሳየ ፍጻሜውን አየ» አሉት።