የሚስቀው ሸማኔ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው እፍረት ይይዘኛል።

ያኔ ለባንክም፣ ለመጽሔትም፣ ለፈለገ ሁሉ ፎቶ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ አዲስ ፎቶ አንሺ ነበርሁ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ወንድይፍራው፣ "ጥራት ያለው ፎቶ ማለት ሰው እየሠራ ሲስቅ የሚያሳይ ነው" ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሸማኔ ቤት ይዘውኝ ሄዱና፣ "ነገ ለደንበኛው የምትልኪው ካልተወደደ ሌላ ሥራ ፈልጊ" አሉኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ካሜራውን እያየህ ሳቅ!" አሉት ሸማኔውን።

ሸማኔው ወደ ካሜራው እየሳቀ መወርወሪያውን ሲወረውር ክሩ ተበጠሰ። አጎንብሶ የተበጠሰውን ክር መቀጠል ጀመረ።

"ተወው! ክሩን ማን ያየዋል? ሳቅ እንጂ!"

"ጌታዬ፣ ዓይኔን ከድሩ ላይ ካነሳሁ እኮ ሥራው ይበላሻል።"

አቶ ወንድይፍራው ቱግ አሉ። "ሃያ ዓመት የሠራሁበትን ሙያ አንተ ልታስተምረኝ ነው? በትክክል የሚሠራ ሰው ይስቃል!"

ሸማኔው ቀና ብሎ የተኮሳተረ ፊታቸውን አየና፣ "ኧረ እኔስ ከእርስዎ ልማር ብዬ ነበር" አለ። "ግን ከመጡ ጀምሮ አንዴም አልሳቁም። ሥራ የሚጀምሩት መቼ ነው?"

ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ከካሜራው ኋላ ሸሸግሁ። አቶ ወንድይፍራው፣ "የሚስቀውን ላኪ!" ብለውኝ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሸማኔው ሲስቅ የሚታይባቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጠፋሁና፣ አጎንብሶ ክር ሲቀጥል ያነሳሁትን፣ አቶ ወንድይፍራው ራሳቸው የመረጡት አስመስዬ፣ በእሳቸው ስም ለደንበኛው ላክሁ።