የቀይዋ መኪና ቁልፍ ለማን?

በአንድ ወቅት፣ የደንገጎ ቁልቁለት ከዛሬው ሦስት እጥፍ በሚጠማዘዝበት ዘመን፣ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ የድሬዳዋ መካኒክ ነበሩ። ዝገት የበላት የውድድር መኪና ከቁርጥራጭ ብረት መሀል አንስተው፣ ቀይ ቀብተው፣ ነፍስ ዘሩባት። ፍሬኗንና እግሯን፣ ማለትም ሞላና ጎማዋን፣ ሳይጨርሱ ግን ሞቱ። ቁልፉ በባለቤታቸው በወይዘሮ አልጋነሽ አንገት ላይ ቀረ።

ልጆቹ ሦስት፤ ሦስቱም መካኒክ፤ ሦስቱም ቀይዋን ለብቻ የሚመኙ።

«መኪና እንደ ቅርጫ ሥጋ አይከፋፈልም» አሉ እናት። «ትልቁ ኩርባ ላይ ያቆመልኝ ይውሰዳት። መንገዱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

የጋራዡ ልማድ ነው፤ ፍሬን በተሠራ ቁጥር ከቤቱ አንድ ሰው ለሚመጣው መኪና ጀርባውን ሰጥቶ መንገድ ላይ ይቆማል። ዞሮ ያየ፣ የቤቱን ሥራ አላመነም ይባላል።

«እሙዬ፣ እኔ ልቁም» አለ ታላቁ፣ ወንድይፍራው።

«አንተ ትሮጣለህ። እኔን ጉልበቴን ስለሚያመኝ ብፈራም አልሮጥም።»

ወንድይፍራው አሮጌውን ፍሬን ነቅሎ ከከባድ መኪና የወጣ፣ ጋሻ የሚያህል ዲስክ ገጠመ። ሲሞክረው የሰፈሩ ሰዓት ሁሉ አብሮ ቆመ ይባላል። ቁልፉን ብቻውን ሊወስድ አስቦ ለማንም አልተነፈሰም።

እህቱ ሐመልማል ከሥር ገብታ ዲስኩን አየች። ይህ ፍሬን በዚህ እግር ላይ ከያዘ መኪናዋ በአፍንጫዋ ተተክላ ትገለበጣለች። ሞላውን በጠንካራ፣ ያለቀውን ጎሚኒ፣ የእግሯን መጋጠሚያ ላስቲክ፣ በአዲስ ለወጠች፤ ወገቧንም ዝቅ አደረገችው። ጣሪያዋ ላይ ሙሉ ብርጭቆ ሻይ ቢቀመጥ ከደንገጎ እስከ ድሬ ጠብ አይልም። እሷም ዝም አለች።

መሪ የያዘው ትንሹ፣ ናሁሰናይ፣ ምንም ሳያውቅ ተነሣ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ኩርባው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የመኪናዋ ድምፅ ከላይ እንደ ንብ መጣ፤ ከዚያ እንደ ነጎድጓድ። ጎማው ጮኸ። ያዘ፣ አሉ በልባቸው። ጩኸቱ ግን ወደ መንሸራተት ተለወጠ፤ ጠጠሩ ጀርባቸውን መታው።

«እማማ፣ ወደ ግራ ይዝለሉ» አለ ሕዝቡ።

አልተነቃነቁም። ቀይ ነገር በግራቸው እንደ መብረቅ አለፈና ዞሮ ከፊታቸው ቆመ፤ ትኩስ አፍንጫዋ የቀሚሳቸውን ጫፍ ነካ። ተራራው ራሱ ትንፋሹን ዋጠ። ሴትዮዋ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዳሰሷት።

«ፍሬኔ ባይዝ ገደል ገብታ ነበር» አለ ወንድይፍራው።

«በያዘ ጊዜ ያልተገለበጠችው በማን እግር ነው?» አለች ሐመልማል።

ናሁሰናይ ላቡን ጠረገ። «አባባ ‹ፍሬን ከያዝክ አትልቀቅ› ይለን ነበር። ለቀቅኩት፤ መሪው ታዘዘኝ፤ በግራሽ አሳለፍኳትና መልሼ ያዝኩ። ባልለቀው እሙዬ የለሽም።»

አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሀል ጣልቃ ገቡ፦ «ወደ ግራ ቢዘሉስ? ያዳናችኋቸው እናንተ ናችሁ ወይስ አለመዝለላቸው?»

ወይዘሮ አልጋነሽ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ለማን እንደሚሰጡት ጠፍቷቸው እዚያው ኩርባው ላይ ቆመዋል። መኪና ሁሉ በእሳቸው ምክንያት ተሰልፎ ይጠብቃል፤ እናንተም ፍርዳችሁን ቶሎ በሉ፦ ጋሻ የሚያህል ፍሬን ለገጠመው፣ እግሯን ላጸናችው፣ የአባቱን ቃል ጥሶ ለለቀቀው፣ ወይስ ዞረው ላላዩት እናት? ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?