የሰርዶ አፋፍ እሬትና የተደፋው ቅል

ዱሮ ነው አሉ፤ ሰው ከጎረቤቱ እሳት ሳይጭር በማያድርበት፣ ጅብ እንኳ ስሙ ሲጠራ ያፍር በነበረበት ዘመን፣ ሰርዶ አፋፍ የሚባል አገር ነበር። ጠጋ በሉማ! ይሄ በሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም።

በዚያ አገር ሸምሲያ የምትባል ሳር አጫጅ ነበረች። ማጭድ አላት፣ ጎጆ አላት፣ ሌላ ምንም የላትም። ልጅ አልወለደችም። ባሏ እንድሪስ ሞቶባት፣ ዘመድ ብላ የምትጠራው የሱን መቃብር ብቻ ነበር። ጠዋት ወደ ሳሩ ስትወርድ በዚያ በኩል ታልፍና «እንዴት አደርክ?» ትለዋለች። አይመልስላትም። ያው በሕይወቱም ዝምተኛ ነበርና ብዙ አልከፋትም።

በሰርዶ አፋፍ ሰው ሲሞት መቃብሩ ላይ እሬት ይተከላል። እሬት ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠርዙ እሾህ፣ ማንንም ውሃ ሳይለምን የሚኖር ነው። አገሬው ታዲያ እንዲህ ብሎ ያምን ነበር፤ እሬቱ ከለመለመ ሟች ንጹሕ ነው፤ እሬቱ ከደረቀ ሟች ደብቆት የሄደው ነገር አለ።

እንድሪስ ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ የአገሩ የእህል ክምር ተቃጥሎ ነበር። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም። ስላልታወቀም ሁሉም ሁሉን በጎሪጥ ያይ ነበር። ባል ቢያስል ሚስት «የምን ጭስ ውጠህ ነው?» ትለዋለች። ጉድ እኮ ነው!

ያን ዓመት በኅዳር ክፉ አመዳይ ወረደ። የእንድሪስ መቃብር ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ብርድ ከሚተኛበት ላይ ነበረና የሱ እሬት ቀድሞ ተመታ። ቅጠሉ ጠቆረ። ተዝለፈለፈ። እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ላይ ተነጠፈ።

አዩ። አዩና ጠረጠሩ።

ከሁሉ በፊት የጮኸችው ዘምዘም ይመር ነበረች። ዘምዘም የሸምሲያ ጎረቤት ናት። ላም አላት፣ ሰፊ ግቢ አላት፣ ከግቢዋም የሰፋ አፍ አላት።

«ይኸው ክምራችንን ያነደደው ተገኘ! መሬት እንኳ ሆዷ አልችል ብሎ አወጣችው!»

«ኧረ ዘምዘም፣ ብርድ እኮ ነው» አለች ሸምሲያ።

«ብርዱ የአባቴን መቃብር አያውቀውም? መርጦ ነው የሚበርደው?»

ሰው ሳቀ። አባ ሙሄ ግን አልሳቁም። እሳቸው የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ቅሬ ማለት አብሮ የሚቀብረው፣ አብሮ የሚያለቅሰው ማኅበር ነው። ጺማቸውን አሻሹና ፈረዱ። «ባል የሠራውን ሚስት ሳታውቅ አትቀርም። ነገሩ እስኪጣራ እሳት የሚያጭራት አይኑር። ከቅሬውም ወጥታ ትቆይ።»

ሸምሲያ ያን ቀን ጥሬ ቆርጥማ አደረች።

በማግስቱ ወደ መቃብሩ ወረደች። ተንበረከከች። አውራ ጣቷን ከእሬቱ ግርጌ፣ ከአፈሩ ጋር ከሚገናኝበት ላይ አሳርፋ ተጫነችው። ላዩ ይሟሟል፤ ሥሩ ጠንካራ ነው። ሳር አጫጅ አይደለች? የታጨደ ሁሉ የሞተ እንዳልሆነ ታውቃለች። ማጭዷን አወጣችና የበሰበሰውን እየቆረጠች፣ እየቆረጠች፣ ነጩና ጠንካራው እስኪታይ ድረስ ወረደች። እሳት ከጠፋበት ምድጃዋ አመድ ዘግና ቁስሉ ላይ ነሰነሰች። ጠብታ ውሃ አልሰጠችውም።

«ተኛ እንግዲህ» ብላው ወደ ሳሯ ሄደች።

እንጨት ለቃሚዎች አዩዋት። አዩዋትና ጠረጠሯት።

«ምስክሩን ቆረጠችው!»

«ሟቹን ፀጉሩን ላጨችው!»

ወሬው አገሩን ዞረ። ሲዞር ደግሞ በየቤቱ ፍርሃት ጥሎ አለፈ። የእንድሪስ እሬት ከደረቀ የእኛስ አባት? የእኛስ አክስት? ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ሰው ሁሉ በጋቢው ሥር ቅል ሸሽጎ ወደ መቃብር ይወርድ ጀመር። የዘመዱን እሬት ያጠጣል፤ ግራ ቀኝ ይገላመጣል፤ ሹልክ ብሎ ይመለሳል። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ።

«በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«እንዲያው ነፋስ ልቀበል ብዬ።»

«እኔም! ግን ሆድህ ምን ይንቦጫቦጫል?»

«አጥሚት ጠጥቼ ነው። ያንተስ?»

«የኔም አጥሚት ነው።»

እሬት ደግሞ ብርድ ላይ ውሃ ሲያበዙበት ከመሐሉ ይበሰብሳል። አንዱ ጠጥቶ ጠጥቶ ወደቀ። ሌላውም ጠጥቶ ጠጥቶ ወደቀ። የራሱን ቅል ያሰበ ግን አልነበረም። «የሸምሲያ ማጭድ ነው! የሸምሲያ ዓይን ነው!» ተባለ። ጎትተው ሸንጎ ከሚቀመጥበት ዋርካ ሥር አቆሟት።

«ለምን ቆረጥሽው?» አሏት አባ ሙሄ።

«የሞተው ያልሞተውን እንዳያበሰብሰው ብዬ ነው፣ አባ ሙሄ። ላዩ ነው የሞተው። ሥሩ አለ።»

ዘምዘም ብድግ አለች። «ስሟት እንጂ! አንገቱን ቀንጥሳ ጥላ አልሞተም ትለናለች! ለዚች ሴት ዶሮዬን በአደራ አልሰጥም!»

ሳቁ ዋርካውን አናጋው። አባ ሙሄ በበትራቸው መሬቱን መቱ። «በልጉ እስኪጥል እንጠብቅ። ቅጠል ካወጣ ባልሽ ንጹሕ ነው፤ ወደ ቅሬሽ ትመለሻለሽ። ካላወጣ አገር ትለቂያለሽ።»

ሸምሲያ እሺ አለች። የከበዳት አገር መልቀቁ አልነበረም፤ ሳር የሌለበት አገር የለም። እሷ ከሄደች ግን እንድሪስን «እንዴት አደርክ» የሚለው ማን ነው?

አንድ ማለዳ ወደ ሳሯ ስትወርድ ከመቃብሩ መሐል የሲቃ ድምፅ ሰማች። ጠጋ ብትል ዘምዘም ናት። ቅሏን ታቅፋ በአባቷ መቃብር ላይ ተንበርክካለች። ከፊቷ ያለው እሬት ጠቁሮ፣ ሟሙቶ፣ ተዘርሯል።

ዘምዘም አየቻት። ቅሏን ልትሸሽግ ሞከረች፤ ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«ሸምሲያ... በአላህ ይሁንብሽ፣ አታውሪብኝ። የአባቴን ስም እንዳያነሱት!»

እንግዲህ አስቡት! ሸምሲያ አንድ ጩኸት ብትጮህ ኖሮ ሰው ሁሉ ከላይዋ ወርዶ ዘምዘም ላይ ይሰፍር ነበር።

እሷ ግን ማጭዷን አቀበለቻት። «ቁረጪ። ከእንግዲህ ውሃውን ላምሽ ትጠጣው።»

ዘምዘም ቆረጠች። ሸምሲያ የሴትዮዋን አውራ ጣት ይዛ ከግርጌው ላይ አስጫነቻት።

«እንዴት ነው?»

«ጠንካራ ነው።»

«እንግዲያው አትንኪው።»

ዘምዘም ቤቷ ገባች። ያቺ ከግቢ የሰፋች አፍ ተዘጋች። ስለ ሸምሲያ ክፉም ደግም አልተናገረችም። ዝምታዋ ሲበዛ ሰው ታመመች ብሎ ሊጠይቃት መጣ።

በልጉ ጣለ። አገሩ በሙሉ ወደ መቃብሩ ወረደ። የእንድሪስን እሬት ከበው ቆሙ። አመድ አለ። ጭቃ አለ። ቅጠል የለም።

አዩ። አዩና የጠረጠሩት እውነት መሰላቸው።

«ሸምሲያ፣ ቃል ቃል ነው» አሉ አባ ሙሄ።

ሸምሲያ አልለመነችም። ማጭዷን በጨርቅ ጠቀለለች። ወደ መቃብሩ ዞራ «ደህና ሁን እንግዲህ፣ እንድሪስ» አለች። መንገድ ጀመረች።

«ቆዩ!»

ዘምዘም ናት። ከነጠላዋ ሥር ሙሉ ቅል አወጣችና በሰው ሁሉ ፊት ዘቅዝቃ ደፋችው።

«የአባቴን እሬት የገደልኩት በዚህ ነው! ማጭድም ዓይንም አይደለም፤ ፈርቼ በየጠዋቱ ያጠጣሁት እኔ ነኝ! እሷ አይታኝ ዝም አለች፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ላባርራት ነበር። በሉ እናንተም ቅላችሁን ድፉ! አጥሚት ነው የምትሉትን ሁሉ ድፉት!»

ከዚያ ከአንዱ ጋቢ ሥር ጠብ፣ ጠብ ሲል ተሰማ። ሰውዬው አፈረና ቅሉን አውጥቶ ደፋ። ጎረቤቱ ደፋ። የጎረቤቱ ሚስት፣ ከባሏ ደብቃ የያዘችውን ሌላ ቅል ደፋች። ውሃው በመቃብሩ መሐል መንገድ አበጅቶ ወረደ።

በመጨረሻ ዓይን ሁሉ ወደ አባ ሙሄ ዞረ። ሽማግሌው አቀረቀሩ፤ ከካባቸው ሥር ከሁሉ የሚበልጥ ቅል አወጡ።

«ለእናቴ መቃብር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እናትዎ?» አለች ዘምዘም። «እናትዎ የሞቱት እኮ ክምሩ ሳይከመር፣ እህሉም ሳይዘራ ነው! ምኑን ሊያቃጥሉት?»

ማንም አልሳቀም። እሬታቸው የወደቀባቸውን ሟቾች አንድ በአንድ ቢያስቡ፣ ክምሩን ያላዩ ሕፃናትም አሉባቸው።

አባ ሙሄ ቅላቸውን ደፉ። ዳኝነት አላስረዘሙም። ቤታቸው ሄዱና ፍም በገል ይዘው፣ እጃቸውን እየፈጃቸው፣ ሸምሲያ ጎጆ ድረስ ወሰዱላት። እሳት እንዳትጭር የፈረዱባት ራሳቸው እሳት አጫሯት።

እሬቱስ? ሰው መጥቶ ማየት ሲተው፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአመዱ ጠርዝ ዙሪያውን ቡቃያ አፈሩን ፈልቅቆ ወጣ። እናቱን እንደከበበ ጫጩት። የዘምዘም አባት እሬትም አወጣ። ቅሉ ከተደፋ ወዲያ ሸምሲያ በማጭዷ የቆረጠችላቸው ሌሎችም አወጡ። ክምሩን ማን እንዳቃጠለው ግን ያኔም አልታወቀም፤ እስከ ዛሬም አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ በሰርዶ አፋፍ ለቀብር የሚመጣ ሰው ሁሉ ቅሉን በመቃብሩ በራፍ ላይ ደፍቶ ይገባል። ሸንጎ ላይም እንደዚያው ነው። ሰው በሰው ላይ ክስ ይዞ እየጮኸ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ከመጠየቃቸው በፊት «መጀመሪያ ቅልህን ድፋ፤ ሸምሲያ ትሙት!» ይሉታል። ብዙው ከሳሽ ይሄን ሲሰማ ጋቢውን ጠበቅ ያደርግና ወደ ቤቱ ይመለሳል።