የእቅፍ አምባ ጥንድ ድንጋዮች

ከጠረባ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተላይ፣ የአውሊት ወንዝ ከተራሮቹ መካከል ብቅ በሚልበት በኩል፣ እቅፍ አምባ የሚባል አናቱ ሜዳ የሆነ ኮረብታ አለ። በኮረብታው ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ የቆሙ ድንጋዮች ይታያሉ። መሮ ያልነካቸው፣ ጽሑፍም ምስልም የሌለባቸው፣ ወንዝ ብቻ ያለሰለሳቸው ድንጋዮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከጥንድ ጥንድ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ጎረምሳ እንደ ልቡ ሊያልፍ ይችላል፣ ሌላው ጋ ልጅ እንኳ ጎኑን ካላጠበበ አይሆንለትም። ቢሆንም በመካከላቸው የሚያልፍ ሰው የለም። አንድ ጊዜ መንገድ ሊቀይስ የመጣ ባለሙያ የፈረሰ አጥር በር መስለውት «አጥሩን ማን ወሰደው?» ብሎ ኖሮ፣ የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው የሚገርመው የጠረባ ማርያም ሰዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ድንጋይ ጠራቢዎች መሆናቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ድንጋይ አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። እግር የሚታጠቡበት ድንጋይ ጠርዙ ሐረግ ተቀርጾበታል፤ በግ የሚታሰርበት ድንጋይ ሳይቀር የአንበሳ ራስ አለው። የመቃብር ድንጋያቸውማ አይወራ፤ የሟቹ መልክ፣ ጋሻው፣ በቅሎው፣ ያለው የሌለው ሁሉ ተቀርጾበት ይቆማል። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያን ሁሉ ድንጋይ ሳይነኩ ለመተው እንዴት አስቻላቸው? ሽማግሌዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው።

በጥንት ጊዜ፣ ሲራራ ነጋዴ ከባሕር ጠረፍ ጨርቅና ቅመም ጭኖ በዚያ በኩል ያልፍ በነበረበት ዘመን፣ ከፀሐይ መውጫ አገር የመጣ አንድ ሰው በንዳድ ተይዞ ጓደኞቹ ጥለውት ሄዱና ጠረባ ማርያም ላይ ቀረ ይባላል። አገሩ ህንድ ነው የሚሉ አሉ፤ ከህንድም ማዶ ነው የሚሉ አሉ፤ በዚህ ነገር ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልተስማሙም፣ ወደፊትም የሚስማሙ አይመስለኝም። ስሙን መጥራት ስላቃታቸው እንግዳው እያሉት እንግዳው ሆኖ ቀረ። ቤታቸው ያስጠጉት የጠራቢዎቹ አለቃ አያ ጓንጉል ነበሩ። ንዳዱ ቀለል ሲልለት እንግዳው ወደ ወንዝ ይወርድና ድንጋይ ፊት ተቀምጦ ይውላል። አንዱን ትንሽ ያዞረዋል፣ ራቅ ብሎ ያየዋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። በአገሩ ሳለ ሥራው ይኸው ድንጋይ ማቆም እንደ ነበረ በምልክትና በለመዳት ጥቂት አማርኛ አስረዳቸው። ጠራቢዎቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁበት፤ «ድንጋይ አስታማሚው» የሚል ስምም አወጡለት። አያ ጓንጉል ግን አንድ ቀን የምራቸውን ጠየቁት።

«መሮ የነፈግንህ መሰለህ እንዴ? ለምን አትጠርበውም?»

«ወንዙ ብዙ ዘመን ሠርቶታል» አለ እንግዳው። «እኔ ምን እጨምርለታለሁ? እኔ ቦታ ነው የምሰጠው።»

አያ ጓንጉል መልሱን ከንዳዱ ቆጠሩት።

በዚያው ዓመት በበልግ፣ እመት ትርንጎ የሚባሉ የአንዲት መበለት አንድያ ልጅ፣ ደምሌ፣ ከገበያ ሲመለስ በመሻገሪያው ላይ ደራሽ ውሃ ወሰደው። መንደሩ ሁሉ ወንዙን ቁልቁል ተከትሎ ፈለገ፤ ከጋቢው በቀር የተገኘ ነገር አልነበረም። ሽማግሌዎች መክረው፣ እንደ ወጉ በልብሱ ለቅሶ ይደረግ አሉ። እናቲቱ እምቢ አሉ።

«በጋቢ አላለቅስም። ሬሳውን ሳላይ ልጄ ሞተ አልልም» ብለው ከመሻገሪያው ዳር ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ እህል በአፋቸው ዞረ ለማለት ያስቸግራል። ጎረቤት ለምኖ ለምኖ ትንሽ ያቀምሳቸዋል፣ ሲመሽ በግድ ደግፎ ወደ ቤት ይወስዳቸዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ግን ተመልሰው እዚያው ናቸው። ክረምቱ ደግሞ እየቀረበ ነበር። አውሊት ክረምት ሲገባ ያንን ዳር ጠቅልሎ ነው የሚውጠው፤ ሴትዮዋም ውሃ መጣ ብለው የሚነሡ ሰው አልነበሩም። መንደሩን ያስጨነቀው ይህ ነው፤ ልጁን የወሰደ ወንዝ እናቱንም ሊደግም ነው።

አያ ጓንጉል የሚያውቁትን አደረጉ። ጥሩ ድንጋይ መርጠው የደምሌን መልክ በቁመቱ ልክ ጠረቡ፤ ሲስቅ ጉንጩ ላይ የምትታየውን ጎድጓዳ እንኳ አልረሱም። ሐውልቱን በኮረብታው ላይ አቆሙና እመት ትርንጎን ደግፈው አወጧቸው። ሴትዮዋ ለረዥም ጊዜ ተመለከቱት።

«አፍንጫው የሱ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ሣቁም የሱ ነው» አሉ።

ከዚያ ቀረብ ብለው አቀፉት። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፤ በዚያም ላይ ክንዳቸው የለመደውን አላገኘበትም። ለቀቁት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጓንጉል። ደከሙልኝ። ደምሌ ግን አይደለም።»

አያ ጓንጉል እንደ ገና ጠረቡ። ሁለተኛው ከፊተኛው እጅግ የበለጠ ነበር፤ ያየው ሰው ሁሉ አሁን ሊናገር ነው ይል ነበር ይባላል። እመት ትርንጎ ይህንንም አቅፈው ለቀቁት። አያ ጓንጉል በዕድሜያቸው ድንጋይ እምቢ ብሏቸው አያውቅምና በጣም አዘኑ፤ በሴትዮዋ ፊት ቀና ብለው ማየት አፈሩ።

ሴትዮዋ ከሐውልቱ ወደ ኋላ ሲሉ ክንዶቻቸው አልታጠፉም። እንደ ተዘረጉ፣ የሌለውን ሰው እንዳቀፉ ቀሩ። ሌላው ሰው ሐውልቱን ሲያይ ይህንን ያየው እንግዳው ብቻ ነበር ይባላል። ዘንግ ይዞ ቀረበና ከአንዱ መዳፍ እስከ ሌላው መዳፍ ለክቶ በቢላዋ ምልክት አደረገበት። ሰዉ ተቆጣ፤ ሐዘንተኛን እንደ ጣቃ ጨርቅ መለካት ምን የሚሉት ነውር ነው? እመት ትርንጎ ግን ክንዳቸውን ሳያጥፉ ተለኩ።

እንግዳው በበሬ እያስጎተተ ከወንዝ ሁለት ድንጋዮች አወጣ፤ አያ ጓንጉልም ነገሩ ባይገባቸውም እንግዳ አክባሪ ነበሩና ጎበዞቹን አዘዙለት። ሐውልቶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተወሰዱ። እንግዳው ሁለቱን ድንጋዮች በዘንጉ ምልክት ልክ አራርቆ አቆመ፣ አንዱን ትንሽ አዞረ፣ ተቀምጦ አየ፣ እንደ ገና አዞረ። ሲጨርስ እመት ትርንጎን በእጁ ጠራቸው። ሴትዮዋ መጥተው በድንጋዮቹ ፊት ቆሙ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ሁለት መዳፋቸውንም በሁለቱ ድንጋዮች ላይ አሳረፉ። በመካከላቸው ምንም የለም፤ ማዶ ያለው ሰማይ ብቻ ይታያል።

«እንዲህ ነው» አሉ እመት ትርንጎ። «የልጄ ትከሻ እንዲህ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዙ ዳር መቀመጥ ተዉ። ክረምቱ ገባ፣ አውሊትም ሞልቶ ያን ዳር ዋጠው፤ ሰው ግን አልነበረበትም። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ላይ ወጥተው መዳፋቸውን አሳርፈው ይመለሳሉ። እህልም ትንሽ ትንሽ መቅመስ ጀመሩ። ለቅሶ ግን አሁንም የለም፤ የደምሌ መደብ ይነጠፋል፣ የደምሌ ድርሻ ከምሳው ይነሣል፣ ሞተ የሚል ሰው ቤታቸው አይገባም።

እዚህ ላይ ነው የጠረባ ማርያም ሰዎች ከእነሱ በቀር ማንም የማይሳሳተውን ስሕተት የተሳሳቱት። ክረምቱ እንደ ወጣ ንዳዱ እንግዳውን መልሶ ጣለው። አያ ጓንጉልና ጠራቢዎቹ ተሰብስበው ስለ ሁለቱ ድንጋዮች ሲነጋገሩ ለታማሚው አዘኑ።

«ሰውዬው ጉልበት አጥሮት ነው እንጂ እንዲህ ከፍቶ ሊተወው አልነበረም» አሉ አያ ጓንጉል። «እጅ ያለን ሰዎች እያለን የታማሚ ሥራ ጅምር ሆኖ ይቅር? ነውር አይደለም?»

ሁሉም ነውር ነው አሉ። እመት ትርንጎ ለማርያም ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን በገቡበት ጠዋት ሁሉም መሮውን ይዞ ወጣና ክፍተቱን በጥርብ ድንጋይ ሞሉት። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ መርፌ በማያስገባ ግጥግጥ ነው የሞሉት፤ መካከሉ ላይም ሐረግ ጣሉበት። እንደ ሽማግሌዎቹ አባባል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚያ አገር እንደዚያ ያማረ ግንብ አልታየም። ሠርተው ሲያበቁ ላባቸውን ጠርገው፣ ሊመረቁ ቆመው ጠበቁ።

እመት ትርንጎ ከቅዳሴ መጥተው እንደ ልማዳቸው ክንዳቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ከድንጋዮቹ ሳይደርስ ደረታቸው ግንቡን ነካ።

«ቀበራችሁት!» ብለው ጮኹ። «ልጄን ቀበራችሁት!»

ከዚያ እዚያው ግንቡ ሥር ወደቁ። ከበልግ ጀምሮ በእናቲቱ ደረት ውስጥ የተቋጠረው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ፤ በስሙ እየጠሩት፣ ከልጅነቱ ጀምረው እያነሡ አለቀሱለት። ጩኸቱን የሰማ ከየማሳውና ከየቤቱ እየሮጠ ወጣ። ሴቶቹ ከበቧቸው፣ ወንዶቹም ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ፣ አልቃሽም ግጥም አወጣች፤ ለደምሌ መደረግ የነበረበት ለቅሶ ሁሉ በዚያ ቀን ተደረገለት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እመት ትርንጎ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አያ ጓንጉል» አሉ። «አሁን ይበቃል። አውጡልኝ።»

አያ ጓንጉል ያንን ያማረ ግንብ በራሳቸው እጅ ማፍረስ ጀመሩ። የላይኛውን ድንጋይ አነሡና ለመጀመሪያው ለቀስተኛ ሰጡት፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ ከኮረብታው ወረደ። ክፍተቱ እንደ ነበረ ሆነ። እንግዳው በበትር ተደግፎ ወጥቶ ከዳር ሆኖ ሲያይ ነበር ይባላል።

«ይቅር በለን» አሉት አያ ጓንጉል። «ሥራህን አበላሸንብህ።»

«አላበላሻችሁም» አለ እንግዳው። «እኔ የማውቀው መተውን ነው። ሞልቶ መልሶ ማውጣትን አላውቅም ነበር።»

እመት ትርንጎ በዚያ ምሽት ከደምሌ መደብ ላይ ንጣፉን አነሡ። ከዚያ ወዲህ በጠረባ ማርያም ሬሳው ላልተገኘ ሰው እንዲሁ ይደረጋል፤ ሟቹን አብዝቶ ያቀፈ ሰው ክንዱን ይዘረጋል፣ በዘንግ ይለካል፣ ሁለት የወንዝ ድንጋይ በልኩ ይቆማል፣ ጠዋት ይሞላል፣ ይለቀስበታል፣ ሲመሽ ለቀስተኛው አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ድሮ ወንዝ የወሰደውና ጦርነት ያስቀረው ነበር የሚበዛው። በቅርብ ዓመታት ባሕር ሊሻገሩ ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች በዝተዋልና ኮረብታው ሊጠብብ ምንም አልቀረው።

እንግዳው ሲሻለው የመጡትን ነጋዴዎች ተከትሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ተነሣ፤ መንደሩም ስንቅ ሰንቆ ሸኘው። በዓመቱ ያለፉ ነጋዴዎች ግን ሰውዬው ከባሕሩ ጠረፍ እንዳልደረሰ፣ በበረሃው የት እንደ ቀረም የሚያውቅ እንደሌለ አወሩ። እመት ትርንጎ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው ወደ አያ ጓንጉል ቤት ሄዱ።

«ዘንግ ይያዙና እንውጣ» አሏቸው።

ከኮረብታው ሲደርሱ አያ ጓንጉል ግራ ገባቸው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ያንን ሰው አቅፈውት ያውቃሉ እንዴ?»

«አላውቅም። እናቱ ግን ታውቀዋለች» አሉ። «የት እንደ ቀረ ሳትሰማ በር በሩን እያየች ነው። እሷ እዚህ መምጣት አትችልም።»

ይህን ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። አያ ጓንጉል ከመዳፍ እስከ መዳፍ ለኩ፣ ዘንጉንም አዩት። ሁለት ድንጋይ አወጡና አቆሙ።

ሁለቱ የመጀመሪያ ጥንዶች ዛሬም በኮረብታው ጫፍ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ዘንግ ሰጥተው ያስለኩታል፤ የሁለቱም ክፍተት እኩል ነው። ከፀሐይ መውጫ የመጣው ሰው ግን ከደምሌ በብዙ ይቀጥን ነበር ይባላል።