የቁምሣጥኗ ባቄላ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ። ዛሬ ግን በረቱ ትምህርት ቤት ነው፤ ተረቱም ያንገበግባል።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልኩ በነበረበት ጊዜ፣ መምህር ቁራ የሚባል የሳይንስ አስተማሪ ነበረ። በክፍሉ ጥግ አንድ ቁምሣጥን አለ፤ በቁምሣጥኑ ውስጥ አንድ ብልቃጥ፣ በብልቃጡ ውስጥ ደግሞ ለትምህርት ማሳያ የተቀመጡ ባቄላዎች አሉ። ከነሱ መካከል አንዷ የሚባለውን ሁሉ ትሰማ ነበር።

ቁራ ጠዋት ጠዋት፣ ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል ብሎ ይጠይቃል። ጥጃው፣ ግልገሉና ጥንቸሊቱ ባንድ ድምፅ፣

"ውኃ፣ አየር፣ ሙቀት" ይላሉ።

"ድገሙት" ይላል። ይደግሙታል። ባቄላዪቱ እቴ፣ ስለ ራሷ ሲዘመር እየሰማች በተቆለፈ ቁምሣጥን ውስጥ ትደርቃለች። መድረቁስ ባልከፋ። ነቀዝ ብልቃጡ ውስጥ ገብቶ ጎረቤቷን በስቷታል፤ ቀጥሎ ተረኛዋ እሷ ናት።

መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠውን ጠመኔ ለመነችው። "ወንድም ጠመኔ፣ ነቀዝ ሳይበላኝ አፈር አስነካኝ። ልጆቹ ስበቅል ይዩኝ" አለችው። ጠመኔም ያዘዙትን ከመጻፍ በቀር ሌላ ሥራ እንደማያውቅ ነገራት። ቀጥላ በቁምሣጥኑ በር ስንጥቅ የበሩን ጓጉንቸር ቁልፍ ለመነችው። ጓጉንቸሩ እንግዳ ካልመጣ አፉን እንደማይከፍት በኩራት መለሰላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎብኚ ይመጣል ተባለ። ቁራ ብልቃጡን ሊወለውል አወጣው፤ ክዳኑንም ከፈተ።

"መምህር፣ ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ አይተውኝ አያውቁም። ይትከሉኝ" አለችው።

"አንቺ የማሳያ ዕቃ ነሽ። አንቺ ከበቀልሽ ለእንግዳው ምን አሳያለሁ?" አላት።

ሰማችሁ አይደል? ዘር ይበቅልብኛል ብሎ የሚሰጋ የሳይንስ አስተማሪ። የባቄላዪቱ አንጀት አረረ። ከብልቃጡ ዘላ በመስኮት ወጣችና ከግድግዳው ሥር ወደቀች። የበልግ ዝናብም ደረሰላት። ሥር ሰደደች፣ ቅጠል አወጣች፣ እንግዲህ ልጆቹ ያዩኛል ብላ ትጠብቅ ጀመር።

ልጆቹ መጡ። የመጡት ግን እንግዳው ሳይደርስ ግቢውን እንዲያርሙ ታዘው ነው። "ውኃ፣ አየር፣ ሙቀት" እያሉ ያርማሉ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ጥንቸሊትም እየዘመረች ቡቃያዋን ጨብጣ ከነሥሯ ነቀለቻት።

"ዓመቱን ሙሉ የምትዘምሪው ስለ እኔ ነው። እንዴት አታውቂኝም?" አለቻት ባቄላዪቱ።

ጥንቸሊቱ ከሥሩ ጋር የተንጠለጠለችውን የተጨማደደች ባቄላ አየች። ይዛት ወደ ቁራ ሮጠች።

"መምህር፣ መብቀል ማለት ይህ ነው? ለምን አላሳዩንም?"

"አስተምሬሻለሁ፤ ፈተናውንም አልፈሻል። ይልቅ አረሙን ጣዪና እጅሽን ታጠቢ" አላት።

ጥንቸሊቱ አልጣለችም፣ እጇንም አልታጠበችም። በንዴት ተመልሳ መሬቱን ቆፈረች፣ ባቄላዪቱን ተከለቻት፣ የምትጠጣውን ውኃ አፈሰሰችላት። ጥጃውና ግልገሉም ዝማሬውን ትተው መጥተው ከበቧት። ሥር ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አዩ።

እንግዳው ሲደርስ ቁራ ጓጉንቸሩን ከፍቶ ብልቃጡን ከፍ አድርጎ አሳየ። ውስጡ ነቀዝና ዱቄት ብቻ ነበር። እንዲዘምሩለት ልጆቹን ቢጣራም ክፍሉ ውስጥ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ከግድግዳው ሥር ተንበርክከው ቅጠል ያያሉ።

ዘሩን ቆልፎ ስለ ቡቃያ የሚያዘምር፣ የሚቀልበው ነቀዝ ነው። እኔም ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። ቁምሣጥናችሁን ክፈቱ።